የዘይቱ ልክ

ገረመው የሞተው ሞተር እያዳመጠ ነው። በዚያ የጥር እሑድ የካናዳዋ ካልጋሪ ብርድ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት ደርሶ ነበር። ሚስቱ ፀሐይወርቅ ከቅዳሴ ተመልሳ ሞንተሬይ ፓርክ ሰፈር የሚገኘውን የቤታቸውን ጋራዥ ስትከፍት፣ ባሏን ሊሠራው በተረከበው አሮጌ ፖርሽ 911 መኪና ወንበር ላይ ራሱን ደገፍ እንዳደረገ አገኘችው። ቤንዚኑ አልቆ ሞተሩ ጠፍቷል። ጭሱን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ውጭ የሚያወጣው ቱቦ ከጭስ ማውጫው ተፈትቶ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

ማክሰኞ የድንገተኛ ሞት መርማሪዋ ብርቅነሽ መጣች። አዲስ አበባ ሳለች ለፖሊስ አሥራ አንድ ዓመት የሠራች፣ እዚህም ከሬሳ ያልተላቀቀች፣ ወሬ የማታበዛ ሴት ናት። የቱቦውን ማሰሪያ አገላብጣ አየችው። ብሎኑ በመፍቻ ተፈትቷል እንጂ በራሱ አልወለቀም። እንግዲህ ወይ ገረመው ራሱን ገድሏል፣ ወይ ሌላ ሰው ገድሎታል።

«ራሱን ካጠፋ ፍትሐት የለውም» አለች ፀሐይወርቅ። እንባዋ ደርቋል። «ቄሱ ነገሩ እስኪጣራ ጠብቂ ብለውኛል። እቴ፣ ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ያለ ጸሎት ልቅበረው?»

ብርቅነሽ ማጽናኛ ቃል አልሰጠችም። ያልያዘችውን ነገር መስጠት አትወድም።

«እሑድ ጠዋት እንዴት ነበር?»

«ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ድፍን ብሏል። ሽሮፕ ጠጥቶ እየፈዘዘ ነው ጥዬው የሄድኩት። ሞተሩን ሳላሞቀው አልውልም አለ።»

«የተጣላው ሰው አለ?»

«ኧረ እሱ ከማን ጋር! ቅዳሜ ግን በስልክ ሲቆጣ ሰምቻለሁ። ‹እስከ ሰኞ ጠዋት ሰጥቼሃለሁ› ሲል። ማንን እንደሆነ አልጠየቅኩትም።»

ከቱቦው አጠገብ ወድቆ የተገኘው፣ ብሎኑ የተፈታበት መፍቻ የመኳንንት ነው። መኳንንት ከገረመው ጋር ዘጠኝ ዓመት የሠራ መካኒክ ነው፤ ሰሞኑን ደግሞ ተኳርፈዋል። ብርቅነሽ ስትጠይቀው አንገቱን ደፋ።

«መፍቻዬ ሁሌም እዚሁ ነው የሚያድረው፤ ማንም ያነሳዋል።»

«ለምን ተኳረፋችሁ?»

«በዚሁ ሞተር የተነሳ ነው። የመኪናው ባለቤት ሩቤን በጥቅምት መጨረሻ አመጣው። ሞተሩ ደህና ነበር፤ ጉልበት ጨምሩልኝ አለ። ከሁለት ነጥብ አራት ሊትር ወደ ሁለት ነጥብ ስምንት አሳደግነው። ይሄ ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚበርደው በአየርና በዘይት ነው። ጉልበቱ ሲጨምር ሙቀቱም ስለሚጨምር ጋሽ ገረመው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ለማስገባት ከፊት ከቀኝ ጎማው በላይ ያለውን ፓራፋንጎ ፈታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘጋኝ። ፓራፋንጎውንም እንዳትነካው አለኝ።»

«ሥራው ሰኞ የሚደርስ ነበር?»

«የምን ሰኞ! ሞተሩ ቢነሳም ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር።»

ብርቅነሽ ተንበርክካ በባትሪ ፓራፋንጎው ውስጥ አየች። ቆርቆሮው ተጨራምቶ ኖሮ በመዶሻ ተቃንቷል። በስፌቱ መሃል አንዲት ቀይ የሱፍ ክር ተቀርቅራለች። ክሯን በወረንጦ አውጥታ ከረጢት ውስጥ ከተተቻት። በጥቅምት ከሥራዋ ወጥታ መንገድ ስትሻገር ያልታወቀ መኪና ገጭቶ የገደላትን የሸዋዓለም የተባለች ሴት አስከሬን የመረመረችው ብርቅነሽ ራሷ ናት። በሟቿ አንገት ላይ ቀይ የሱፍ ሻርፕ ነበር።

ሩቤንን ዳውንታውን፣ ሁለት ሕንፃዎችን በሚያገናኝ የመስታወት ድልድይ ላይ አገኘችው። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው፤ መኪና መንዳት ያስተማረው ገረመው ነው።

«ቅዳሜ ደውሎልህ ነበር?»

«ያ፣ ኮል አድርገውልኛል። ሞተሩ ሬዲ ነው፣ ሰኞ ፒክ አፕ አድርገው አሉኝ።»

«ካፖርትህ እጅጌ ላይ ዘይት አለ።»

ሩቤን እጅጌውን አየና ፈጠን ብሎ መለሰ። «እሑድ ጠዋት ጎራ ብዬ ነበር። ላይክ፣ ሁለት ሰዓት ላይ። ጋራዡ ኦፕን ነው፣ ጋሼ ግን ቤት ውስጥ ነበሩ። ዘይቱን ቼክ አድርጌ ሄድኩ።»

«ሞተሩ ጠፍቶ ነበር?»

«ኦፍ ነው። በረዶ ሆኗል። ዘይት ቼክ የሚደረገው ኮልድ ሆኖ አይደል፣ እትዬ?»

«ልኩ የት ላይ ነበር?»

«መሃል። በመለኪያው ሁለት መስመሮች መካከል።»

ብርቅነሽ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ከዚያ ለመኳንንት ደውላ አንድ ነገር ጠየቀች፤ መልሱን ሰምታ ረቡዕ ሁሉም ጋራዡ ውስጥ እንዲገኙ አደረገች።

ረቡዕ ቀትር ላይ የጋራዡ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደጃፉ ላይ አንድ የፖሊስ ሳጅን ቆሟል። መኳንንት የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዞ አሳያቸው። ደረቅ ነው።

«ዘይት የለውም ማለት ነው?» አለች ፀሐይወርቅ።

«አለው» አለ መኳንንት። «የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀመጠው ለብቻው በታንከር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ሲያድር ወደ ታች ይሰርጋል። ልኩ የሚታየው ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ ነው።»

ቤንዚን ጨምሮ አስነሳው። ፀሐይወርቅ ባሏን የሸኘውን ድምፅ ስትሰማ በነጠላዋ ጆሮዋን ሸፈነች። ሞተሩ እስኪሞቅ ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። መኳንንት ዘንጉን እንደገና መዘዘ። ዘይቱ በሁለቱ መስመሮች መካከል ደርሷል።

ብርቅነሽ ሞተሩ እስኪጠፋ ጠበቀች። «ሩቤን፣ መሃል ላይ አየሁ ብለሃል። ያየኸው እውነት ነው፤ በጠፋ ሞተር ግን አይታይም። አንተ እዚህ ስትቆም ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ነበር፤ ገረመውም ወንበሩ ላይ ነበር። ሞተሩ ደህና ሆኖ ሳለ መኪናውን ያመጣኸው ክረምቱን ሙሉ እዚህ ልትደብቀው ነው። ሞተሩ ሲያድግ ግን ማቀዝቀዣ ፈለገ፤ ማቀዝቀዣው ፓራፋንጎውን አስፈታ፤ ፓራፋንጎው በሻርፗ ክር ሸዋዓለምን ገጭተህ መሸሽህን አወጣ። የሰኞውም ቀጠሮ መኪና የምትወስድበት አልነበረም። ለፖሊስ እጅህን እንድትሰጥ ገረመው የሰጠህ ቀን ነው።»

ሩቤን የመኪናውን ጣሪያ ተደገፈ። «ዘይቱን እይልኝ አሉኝ። መሃል ነው አልኳቸው። ‹ጎበዝ› ብለውኝ... ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያኔ ነው ቱቦውን የፈታሁት። ጭሱ እንኳን አልሸተታቸውም።»

ሳጅኑ ይዞት ሲወጣ ፀሐይወርቅ አላየችውም። የምታየው ባዶውን ወንበር ነው።

«ለምን ሰኞን ሰጠው?» አለች።

«በገዛ እግሩ እንዲሄድ ፈልጎ ይሆናል» አለች ብርቅነሽ።

ፀሐይወርቅ ወደ ቤት ገብታ ስልኩን አነሳች። ለቄሱ ደወለች።

«አባ፣ ባሌ ራሱን አልገደለም። ፍትሐት ይደረግለት።» ከዚያም ጨመረች፤ «የሸዋዓለምንም ስም አብረው ያንሱልኝ።»