አኩራፊዋ ገንዳ

የማዘጋጃ ቤቱ የበጀት ባለሙያ እነዚያን «ብልህ» የሚባሉ የቆሻሻ ገንዳዎች ቀርባ አይታቸው አታውቅም። ሲሞሉ ራሳቸው መልእክት ይልካሉ፤ መኪና መጥቶ ያራግፋቸዋል። ተገዝተው ካለቁ በኋላ በየወሩ ገንዘብ የሚበሉት ለምን እንደሆነ ግን አልገባትም። እሷ ወጪውን ካልደገፈች የሚጠግናቸው ወጣት ሥራ ፍለጋ ከከተማው መውጣቱ ነው።

«የትም የማይሄድ ዕቃ የማስኬጃ ወጪ ይፈልጋል እንዴ?» አለችው ወጣቱን፣ አውቶቡስ ፌርማታው አጠገብ ካለችው ገንዳ ዘንድ።

ሳቀ። ሳቅ እንዲህ የሚያምርበት ሰው አይታ አታውቅም።

«አትሄድም፤ ታወራለች። ለወሬዋ ሲም ካርድ፣ ለጉልበቷ ባትሪ ያስፈልጋታል። ይቺን ደግሞ አኩራፊዋ ነው የምላት፤ ባዶዋን ሆና ሞልቻለሁ ትላለች። ይመልከቱ።»

ክዳኑን አነሳው። ቆሻሻው መሙላቱን በምታየው፣ ከጥፍር በማትበልጥ የመስታወት ዓይን ላይ ሸረሪት አድርታባታለች። ለዚህች ክር ሲባል ትልቅ መኪና ከከተማው ጫፍ በከንቱ ይመላለስ ነበር። በጨርቅ ጠረግ ሲያደርጋት ስልኩ ላይ ቀይ የነበረች ነጥብ አረንጓዴ ሆነች። በዙሪያዋ፣ ስልኩ ካርታ ላይ፣ የየሰፈሩ፣ የየጉራንጉሩ ገንዳዎች ነጥቦች ያበራሉ። አንዷ ስትቀላ አንድ መኪና ወደ እሷ ሲታጠፍ አየች።

ከተማዋ ስትተነፍስ ያየች መሰላት። ይህ ሁሉ በአንድ ሰው እጅና በአንዲት ጨርቅ!

«እጅሽን!» ብሎ ከሚወርደው ክዳን ስር ሳባት። ወዲያው ደነገጠ። «ይቅርታ... እጅዎን ማለቴ ነው።»

«የፊተኛው ይሻላል» አለች። እጇን ግን አላስለቀቀችም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ ተገናኙ። ወጪው የሚፈረምበት ቀን ሲደርስ አለቃዋ ዘንድ ገባችና ሰነዱን ሳትፈርም መለሰች። በእሷ ቦታ የተተካው ባለሙያ ገንዳዎቹን ዞር ብሎ ሳያይ ወጪውን ሰረዘው።

ወጣቱን ሻንጣውን እንዳንጠለጠለ ፌርማታው ላይ አገኘችው።

«አንዲት ፊርማ አቃተሽ? በዓይንሽ አይተሽ የለም?» አላት።

«ብፈርም ለገንዳዎቹ ይሁን ለአንተ በምን አውቃለሁ? ለአለቃዬም ይህንኑ ነው የነገርኩት።»

«ምን ብለሽ?»

«እንደምወድህ።»

አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ። ማንም አልገባም፤ ዘግቶ ሄደ።

«ለእኔ ሳትነግሪኝ ለአለቃሽ?» አለ፣ ሻንጣውን መሬት እያስቀመጠ።

«አሁን ሰማህ አይደል? ሥራህስ?»

«ሥራ ይፈለጋል» አላት። «እሱን ግን ድገሚልኝ።»