የሰርዶው እናት

የሳር መላጫው ማሽን ከአስፋልቱ ወደ ወንዙ በሚወስደው ጠባብ መንገድ በራሱ ሞተር እያጓራ ሲወርድ፣ በሩ ላይ የቆመችው ሔራን የምታየው ማሽኑን አልነበረም። እጀታውን ይዞ ከኋላው የሚራመደውን ወንድሟን ነበር። ቱታው በዘይት ወዝቷል፤ ትከሻው ሰፍቷል። አረማመዱ ግን ያው ነው፤ ግራ እግሩን ትንሽ ወደ ውጭ ጣል ያደርገዋል። ያንን አረማመድ ከአንድ ዓመት በላይ በየታክሲው ሰልፍ ስትፈልግ ኖራለች። ያገኘች መስሏት ሮጣ፣ የማታውቀውን ሰው ፊት አይታ አፍራ የተመለሰችበት ጊዜም ነበር።

ባሮክ ሞተሩን አጠፋው። የወንዙ ድምፅ ተመልሶ መጣ።

«አድገሻል» አላት።

«አንተ ደግሞ ጠቁረሃል።»

ሳቀ። ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና ቱታውን አይቶ ተወው። እሷ ግን አልተወችውም፤ ቤንዚን የሚሸተው ደረቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ትንሽ ቆየች።

«አባባ የለም አይደል?» አለ፣ ከጭንቅላቷ በላይ ግቢውን እየቃኘ።

«እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሄዷል። ከሰዓት ነው የሚመለሰው።»

«ከዚያ በፊት ጨርሼ ላሽ እላለሁ። ማን ቆረጠው ካለሽ፣ ሱፊያን የሚባል ልጅ ነው በዪው። እሺ ሔሩ?»

የመሣሪያ ቦርሳውን ተቀብላው ወደ ማሳው ቀድማ ወረደች።

የእነ ሔራን ቤት የሚተዳደረው በሳር ነው። ለከብት በሚታጨደው ሳር አይደለም፤ ከነሥሩና ከነአፈሩ እንደ ምንጣፍ ተልጦ ሌላ ቦታ በሚተከለው ሰርዶ ነው። ከተማው ውስጥ አዲስ መንገድ ሲሠራ፣ ጠዋት ባዶ አፈር የነበረው ዳርቻ ማታ አረንጓዴ ሆኖ ሲያድር፣ ከከተማው ዳር፣ ካራ ካለው ከእነሱ ማሳ የሄደ ሳር ሊሆን ይችላል። አባቷ አቶ ሀብተወልድ ዕድሜውን ሙሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ በአካፋ ሲልጠው ኖሯል።

ሲልጥ ግን ሁሉንም አይወስድም። በተላጠው መሬት መካከል፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ስንዝር የምትሆን ቀጭን የሳር መስመር ሳትነካ ትቀራለች። ዝናብ ሲጥል ሰርዶው ከእሷ ተነሥቶ ግራና ቀኝ እየተሳበ የተራቆተውን አፈር መልሶ ያለብሰዋል። መስመሯን «እናቲቱ» ብላ የጠራቻት የሔራን እናት ወርቅአየሁ ነበረች። ወርቅአየሁ ካረፈች በኋላም ስሙ አልተለወጠም። ምናልባት አባቷ ያንን ቃል በቀን አንዴ እንኳ አፉ ውስጥ ማቆየት ፈልጎ ይሆናል፤ ሔራን እንደዚያ ነበር የምታስበው።

ባለፈው ዓመት አባታቸው ለቅሶ ሄዶ ሳለ፣ ባሮክ ማሽን ተከራይቶ መጣ። ሊያስደስተው ነበር። አባቱ ሳምንት የሚንበረከክበትን ሥራ ግማሽ ቀን ሳይሞላው ጨረሰው። በሞተሩ ድምፅ ሰክሮ ግን እናቲቱን ረሳት፤ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር እንደ ራስ ላጨው። አባቱ ተመልሶ ያንን ሲያይ አልጮኸም። «እናቲቱን ገደልካት» አለ፤ ከዚያ በላይ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ባሮክ በማግስቱ ልብሱን በፌስታል ይዞ ወጣ። ወሰን በሚባለው ሰፈር፣ ማሽን የሚያከራይ ጋራዥ ውስጥ ሥራ እንደያዘ የሰሙት ቆይተው ነው። በሳር ምክንያት ሰው ከቤቱ ይወጣል እንዴ፣ እያለች ሔራን ስትገረም ከረመች። አባቷ ከየጎረቤቱ ሰርዶ እየለመነ፣ ማሳውን ቁራጭ በቁራጭ መልሶ ተከለው።

አሁን ደግሞ ወገቡ እምቢ አለው። ከሳምንት በፊት ተኝቶ ሳለ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ፣ «በቃ፣ የማሽን ሰዎች ጋ ደውዪ» አላት። ጥቂት ቆይቶ፣ «የሚነዳው ሰው ግን እናቲቱን የሚያውቅ ይሁን» ብሎ ጨመረ።

አዲስ አበባ ውስጥ ማሽን ከሚነዱት ሁሉ እናቲቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አባቷ ይህን አስቦ ይናገር፣ ሳያስብ ይናገር፣ ሔራን አልጠየቀችም። ባሮክ ያለበት ጋራዥ ደወለች።

ባሮክ ገመዱን ሳበው፤ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ከማሽኑ ሆድ በታች ያለው ስለት ሳሩ ሥር ገብቶ እየተንቀጠቀጠ ሲሄድ፣ ከላይ ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ሔራን ከኋላ እየተከተለች ጫፉን ስታነሣው ነው አረንጓዴው ከአፈሩ የሚለቀው። ጠቅልላ ከዳር ታቆመዋለች። ባሮክ መስመሩ ጫፍ ሲደርስ ማሽኑን ያዞርና፣ ስንዝር ያህል ትቶ አዲስ መስመር ይጀምራል። አንድ ቦታ ላይ ስለቱ ስቶ ወደ እናቲቱ ገባ። ወዲያው ሞተሩን አጥፍቶ ተንበረከከ፤ የተነሣውን ሳር በመዳፉ መልሶ ደልድሎ፣ አፈሩን በጣቶቹ ጠቀጠቀው። ሲነሣ ጉልበቱ ላይ የቀረው ጭቃ የአባቷን ሱሪ አስታወሳት።

ሥራው ሲያልቅ ከጥቅሎቹ አጠገብ ተቀምጠው ዳቦ በሻይ በሉ። የሥላሴ ሥዕል አሁንም እንደተንጋደደ መሆኑን ጠየቃት። ሒሳብ አሁንም እንደሚያስለቅሳት ጠየቃት። እሷ ደግሞ የት እንደሚያድር፣ ማን እንደሚያበስልለት ጠየቀችው። ሁሉንም እየቀለደ መለሰ። በመጨረሻ፣

«ይመታኛል ብዬ ነበር» አለ። «ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር። ያንን ቃል ግን ማለት አልነበረበትም።»

«የቱን ቃል?»

«ፋራ አትሁኚ፣ እዚያው ነበርሽ። እናቲቱን ገደልካት አለኝ።»

«አዎ፣ ሁሉንም ስለላጨኸው...» አለችና ቃሉ አፏ ውስጥ ቆመ።

እናታቸው ታማ ያረፈችበት ቀን ባሮክ ጓደኛው ጋ ሞተር ሲፈታ ውሏል። መኪና እንዲያመጣ ደጋግመው ሲደውሉለት፣ ስልኩ ባትሪ ጨርሶ ነበር። ሐኪሙ በኋላ፣ ቀድማችሁ ብትደርሱም የሚለወጥ ነገር አልነበረም ብሏቸዋል። ከዚያ ወዲህ ግን ባሮክ ስልኩን ቻርጅ ሳይሰካ ተኝቶ አያውቅም።

«ባሮክ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «የሰርዶውን እናት እኮ ነው ያለው። መሬቱን በእጁ እያሳየ ነው የተናገረው። አይቼዋለሁ።»

«እኔ እጁን አላየሁም» አለ። «ፊቱን ነበር የማየው።»

«ዛሬ ጠይቀው እንግዲያ።»

የዳቦውን ፍርፋሪ ከቱታው ላይ አራገፈ። «ጠይቄው አንቺ ያልሽው ባይሆንስ? ካልጠየቅኩት፣ ምናልባት ሔሩ ያለችው ነው እውነቱ እያልኩ መኖር እችላለሁ።»

እጁን ሊታጠብ ወደ ወንዙ ወረደ።

ሔራን ማሽኑን አየችው። ከባድ ነው፤ ማሽኑን ያመጣው መኪና ወደሚጠብቅበት አስፋልት አቀበቱን የሚወጣው በራሱ ሞተር ብቻ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ካንዴላ እንዴት እንደሚፈታ ያስተማራት ባሮክ ራሱ ነበር፣ ያኔ የጎረቤትን ሞተር ሳይክል ሲጠግን። መፍቻውን ከቦርሳው አወጣች። ካንዴላው ገና ያቃጥል ስለነበር በሻርፗ ጠቅልላ ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

ባሮክ ተመልሶ ገመዱን ሳበ። ምንም። ደግሞ ሳበ። ዝቅ ብሎ ሲያይ ባዶውን ቀዳዳ አገኘው።

«ሔራን» አላት። ሙሉ ስሟን የሚጠራት ሲከፋው ብቻ ነው። «ሸወድሽኝ ማለት ነው። ለዚህ ነው የጠራሽኝ?»

የፈለገችው ብዙ አልነበረም፤ ሦስቱም አንድ ገበታ ላይ እንዲቀመጡ፣ ማታ የሁለት ሰው ሳል ከግድግዳው ወዲያ እንድትሰማ። ካንዴላው በሻርፑ ውስጥ ጭኗን እየሞቃት ነበር። ዝም ብላ ብትቆይ አባቷ ይደርሳል፤ ባሮክም የሚሸሽበት አይኖረውም። ያን ጊዜ የባሮክ ፊት ምን እንደሚመስል አሰበችና፣ አሁን ያለውን ፊቱን አየችው። አፉን ገጥሞ፣ ወንዙ ዳር ካለው ታችኛው በር እስከ ላይኛው መንገድ በዓይኑ ይመላለሳል።

ማሳው በባዶ አፈርና በቀጫጭን አረንጓዴ መስመሮች ተሸንትሯል። እነዚህ መስመሮች ክረምት ሲገባ ወዴት እንደሚሳቡ የሚነግራቸው የለም። የሚጠበቀው ሳይነኳቸው መተው ብቻ ነው።

ከላይ፣ ከመታጠፊያው፣ የታወቀ ሳል ተሰማ። ነጭ ጋቢ በባሕር ዛፎቹ መካከል ታየ።

ሔራን ሻርፑን ፈታችና ካንዴላውን ባሮክ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

«አንተው ግጠመው» አለችው። «በታችኛው በር ዞረህ አስፋልቱ ላይ ትወጣለህ። አያይህም።»

ወደ ኋላ ሳትዞር አቀበቱን ወጣች። አባቷ አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ በሌላው የጠበል ጀሪካን ይዞ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር። ጀሪካኑን ተቀበለችው። ቁልቁለቱ ላይ ሚዛኑን እንዲጠብቅ ትከሻዋን ሰጠችው። ማሳው ከሚታይበት ቦታ ሲደርሱ ቆመ። በዓይኑ መስመሮቹን አንድ በአንድ ተከተላቸው፤ በእጅ ተደልድላ የተጠቀጠቀችው ቦታ ላይ ቆየ።

«ማን ነው የቆረጠው?» አላት።

ሱፊያን የሚለው ስም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

«እናቲቱን የሚያውቅ ሰው ነው» አለች።

ትከሻዋ ላይ ያለው እጅ ከበደ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ መሬት እያየ፣ «ሄደ?» ብሎ ጠየቃት።

ሔራን ጆሮዋን አቀናች። ገመድ አይሳብም። ሞተር አይጮኽም። የሚሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ነበር።

«ገና ነው» አለችና፣ አባቷ ቀድሟት እንዲወርድ ከመንገዱ ገለል አለች።