ከኪስ የወጣች እጅ

ሟቹ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ግንባሩ የሥራ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አርፏል፤ መነጽሩ በአንድ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ከፊቱ አንድ አሮጌ መሣሪያ ቆሟል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስ ከፍተኛ ቮልት መቻል አለመቻሉን የሚፈትሽ ግራጫ የቆርቆሮ ሣጥን። ዕድሜው ለምርመራ ከመጣችው የፖሊስ መርማሪ ይበልጣል። የመሣሪያው ፊት ላይ ያለው ክብ የቁጥር ሰሌዳ ዜሮ ያሳያል።

መርማሪዋን ጣቢያ ውስጥ «ቆጣሪዋ» ይሏታል። ደረጃ ስትወጣ ትቆጥራለች፤ ሰው ሲያወራ ስንት ጊዜ ምራቁን እንደዋጠ ትቆጥራለች። እዚህ የቆጠረችው ሁለት ነገር ብቻ ነው። በሟቹ ቀኝ መዳፍ ላይ አንድ ቃጠሎ፣ በግራው ላይ ሌላ ቃጠሎ።

«ያለቀ ነገር ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ባልደረባዋ። በላስቲክ ከረጢት ውስጥ ያለች፣ ዙሪያዋን ጥርስ ያላት ነጭ የፕላስቲክ ክብ አሳያት። «መሣሪያውን ከሶኬት ነቅዬ ያወጣኋት ይቺ ጊር ናት ጥፋተኛዋ። ማዞሪያውንና ውስጥ ያለውን፣ ቮልቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን ትራንስፎርመር የምታገናኘው እሷ ነበረች። ሰውየው ሞክሮ ሲጨርስ ማዞሪያውን ወደ ዜሮ መለሰው። ጊሯ ተንሸራተተች። ሰሌዳው ዜሮ አለ፣ ውስጡ ግን ሁለት ሺህ ቮልት ላይ ቀረ። ሁለቱን የመሞከሪያ ሽቦዎች ሊነቅል ያዛቸው፤ በቃ።»

«የቮልት መለኪያ መርፌ የለውም?»

«ለጥገና ወልቋል። ያለው ሰሌዳው ብቻ ነው። ጊሯን የሠራችው የሟቹ ሴት ልጅ ናት፤ ራሷም አምናለች። የሥራ ሰዓት ሳያልቅ በቸልተኝነት ሰው በመግደል እንወስዳታለን።»

 ቆጣሪዋ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ ፈልጋ በራሷ እጅ አጠፋችው።

በዚህ ወርክሾፕ የሚሠሩት አራት ሰዎች ነበሩ። ሟቹ፣ ደንበኞቹ ሁሉ «ጥርሶ» የሚሉት፣ የወርክሾፑ ባለቤትና የሁሉም መምህር ነው። ሴት ልጁ ጊር ትቆርጣለች። ታናሽ ወንድሙ ስልክ ያነሣል፣ ዕቃ ያደርሳል። አራተኛው ሽቦ የሚበይደው ሰው ነው። እስከ ምሳ ሰዓት ከውጭ የገባ አልነበረም፤ በሩ አንድ ነው፣ የወንድምየውም ጠረጴዛ በሩ ላይ ነው።

ልጅቷ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። አታለቅስም። ጥያቄ ስትጠየቅ መልሱ ከሩቅ የሚመጣላት ይመስላል።

«ጊር እንዴት እንደሚሠራ አስረጂኝ» አለቻት ቆጣሪዋ።

«የድሮ መሣሪያ ጊር በዕድሜ ይሰነጠቃል፤ ፋብሪካውም ተዘግቷል፣ መለዋወጫ የለም። ስለዚህ አብራት የምትዞረዋንም የተሰበረችዋንም ጥርስ እቆጥራለሁ። ይቺ ስልሳ ናት። ከዚያ መሣሪያው ውስጥ በሁለቱ ዘንጎች መሃል ያለውን ርቀት እለካለሁ። ከቁጥሮቹ ስፋቱን አስልቼ እቆርጣለሁ።»

«አሮጌዋን ለምን አትለኪያትም?»

«ያረጀ ፕላስቲክ ይኮማተራል። በእሷ ልክ ብቆርጥ አዲሷም ታንሳለች። አባባ ‹እኔንም ዛሬ ብትለኪኝ የሠርጌ ሱሪ ይረዝመኛል› ይል ነበር።»

«ከገጠምሻት በኋላ ሞከርሻት?»

«አርባ ጊዜ አዟዟርኳት። ከዚያ ቅባት ልገዛ ወጣሁ። ስመለስ…» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ያወጧትን ጊር አሳዩኝ አላልኩም። ማየት አልፈልግም። የገደልኩት እኔ ነኝ፤ ይጻፉት።»

ቆጣሪዋ የጻፈችው አርባ የምትለዋን ቁጥር ነበር።

ወንድምየው ስልኩ አጠገብ ቆሞ ገመዱን ጣቱ ላይ ይጠመጥማል፣ ይፈታል። «እኔን ጊር አታስነኩት ተብሏል፣ እመቤት። አንዴ ነክቼ ሦስት ቀን ከወለል ላይ ስንፈልጋት ቆየን። ወንድሜ የራሱ አፍ ውስጥ አራት ጥርስ ቀርቶት፣ ለሰው መሣሪያ ጥርስ ሲያበቅል ኖረ።» ሳቀ። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ።

«ትጣሉ ነበር ይባላል።»

«በየቀኑ! ይሄን ቆርቆሮ ጥለን አዲስ መሣሪያ እንሽጥ እለዋለሁ፣ ውጣልኝ ይለኛል። እወጣለሁ። ዳቦ ይዤለት እመለሳለሁ። ዛሬም ከምሳ ይዤለት ነው የመጣሁት።» ዳቦው በወረቀት እንደተጠቀለለ ስልኩ አጠገብ ነበር።

«መሣሪያውን ከልጅቷ ጠረጴዛ ያነሣው ማነው?»

«እኔ ነኛ፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? አንድ ሽቦ ቀርቶት ስለነበር መጀመሪያ ለበያጁ ወሰድኩለት። ግማሽ ሰዓት ያህል እሱ ጋ ቆየ። ከዚያ ለወንድሜ አቀበልኩትና ለምሳ ወጣሁ።»

በያጁ ቀጭን፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። ግራ እጁ ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ነች።

«እጅዎን አመመዎት?»

«የሙያ ልማድ ነው። ከፍተኛ ቮልት አጠገብ ስንሠራ ግራ እጅ ኪስ ውስጥ ትገባለች። በሁለት እጅ ከነኩት በደረት በኩል፣ በልብ ላይ ነው የሚያልፈው። ነፍሱን ይማርና እሱ ነው ያስለመደን።»

«ራሱስ ይጠብቀው ነበር?»

«ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ስሠራ፣ መሣሪያ ፊት ግራ እጁን አላየኋትም።»

«እርስዎስ ጊር ይቆርጣሉ?»

«ማን አስተምሮኝ!» ምራቁን ዋጠ። «ይሄን ያህል የሚያስፈራ ነገር ሆኖም አይደለም። አሮጌዋን ይዞ በካሊፐር ጥርስ በጥርስ መለካት ነው። እጁ ለማይንቀጠቀጥ ሰው ምን ይከብዳል?» እንደገና ዋጠ።

ቆጣሪዋ ውፍረትና ስፋት የሚለካውን ካሊፐር ተዋሰች። የልጅቷን ደብተር ገለጠች፣ የተሰበረችውን አሮጌ ጊር ከትንሽ የካርቶን ሣጥኗ አወጣች፣ ከረጢቱንም ፈታች። ሦስት ቁጥር ጻፈች። አስከሬኑ ሲወጣ ቆማ አሳለፈችና ሁሉንም ባዶው ወንበር ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«እኔን ያስቸገረኝ ጊሯ ሳትሆን መዳፉ ነው» አለች። «ሃያ ስድስት ዓመት አንድ እጁን ኪሱ የሚከት ሰው ዛሬ ሁለቱንም ተቃጥሏል። ተዘናግቶ ነው እንዳልል፣ እንዲህ ዓይነት ልማድ ያለው ሰው ሽቦ ሲይዝ አይዘናጋም። መሣሪያው መጥፋቱን እርግጠኛ ነበር። ዜሮ የሚለውን ሰሌዳ አምኗል፤ ሰሌዳውን ያመነው ደግሞ ውስጥ ያለችውን ጊር ስላመናት ነው። ታዲያ የምትታመን ጊር እንዴት ተንሸራተተች?»

ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ልጅቷ አስልታ የቆረጠችው ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር ነው። ከመሣሪያው የወጣችው ሠላሳ ነጥብ ሦስት ናት። ስልሳ ጥርስ አላት፣ ነጭ ናት፣ በዓይን አትለይም። ግን ጥርሷ ከወዲያኛው ጥርስ ጋር በጫፍ ብቻ ነው የሚነካካው። ባዶዋን ስትዞር ትሄዳለች፤ ሲከብዳት ትዘላለች። አርባ ጊዜ የተሞከረችው ይቺ አይደለችም።»

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«የተሰበረችውን አሮጌ ጊርም ለካኋት። ሠላሳ ነጥብ ሦስት። ስለዚህ ገዳይዋን ጊር የሠራው፣ የተኮማተረችውን እንዳለች የገለበጠ ሰው ነው። በጣም በጥንቃቄ ለክቷል፤ ፕላስቲክ እንደሚኮማተር ግን የነገረው የለም። ልጅቷ ታውቃለች። አጎቷ ካሊፐር በየት በኩል እንደሚያዝ አያውቅም። መሣሪያው ግማሽ ሰዓት የቆየው፣ አሮጌዋን ጥርስ በጥርስ መለካት ነው ባለኝ ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።»

ወደ በያጁ ዞረች።

«እዚህ ቤት ከደረስኩ ጀምሮ ኤሌክትሪክ የለም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የሚያስፈራ ነገር የለም። እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ።»

 ሰውየው እጁን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ከፈታት። ነጭ ጊር ነበረች። ቆጣሪዋ በካሊፐር ያዘቻት። ሠላሳ አንድ።

«እንዲሞት አልነበረም» አለ በያጁ፤ ድምፁ ከቅድሙ አልተለወጠም። «ሦስት ጊዜ አስተምረኝ ብዬዋለሁ። ‹አንተ በመበየጃህ› ይለኛል። በድብቅ የቆረጥኳትን በሷ ቦታ አስገባሁ፤ ሞክሮ ደህና ናት ሲል፣ የኔ ናት ልለው ነበር። ይቺን ቃል ብቻ። ለምሳም አልወጣሁም፤ ደህና ናት ሲል ልሰማ የኔንና የሱን ጠረጴዛ ከሚለየው መጋረጃ ወዲያ ቆሜ ነበር።»

«ስትሰማስ?» አለ ወንድምየው። «እሺ፣ አላወቅክም እንበል። የወንድሜ ልጅ ‹እኔ ነኝ የገደልኩት› ስትል ግን አጠገቧ ቆመህ ነበር። የእሷን ጊር ኪስህ ውስጥ እያሻሸህ!»

በያጁ ምራቁን አልዋጠም። ቆጣሪዋ ልትቆጥር ጠብቃ ነበር።

«ጋሼ» አለችው ልጅቷ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንደዚያ ነበር። «አባባ ግራ እጁን ለምን አወጣ?»

«ጊሯ ያንቺ መስላው ነዋ» አለ። «የኔን ሥራማ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በአንድ እጁ ነው የነካው።»

ባልደረባው በያጁን ክንዱን ይዞ ወሰደው። ወንድምየው ዳቦውን አነሣ፣ የሚያስቀምጥበት አጣ፣ መልሶ ስልኩ አጠገብ አኖረው።

ልጅቷ የራሷን ጊር አንስታ በአውራ ጣቷ ጥፍር ጥርሶቿን አንድ በአንድ መቁጠር ጀመረች። ማስረጃ ስለሆነች መመለስ ነበረባት። ሠላሳ ምናምን ላይ ቁጥሩ ጠፋባትና እንደገና ከአንድ ጀመረች። ቆጣሪዋ ከረጢቱን ከፍታ ይዛ ስልሳ እስክትደርስ ጠበቀቻት።