ያልደረሰው ብረት

መርማሪዋ ሆስፒታሉ ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ሰውየው በመስኮቱ በኩል ባለው አልጋ ላይ፣ መርፌው ክንዱ ላይ እንደተሰካ፣ አንሶላ እስከ አገጩ ተስቦለት ተጋድሟል። ከራሱ በላይ ለደም ማነስ የሚሰጥ፣ ወፍራም ሻይ የመሰለ የብረት መድኃኒት የያዘ ከረጢት ተሰቅሏል። ከረጢቱ ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

ከበሩ ውጭ አንድ ወጣት ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ይጮሃል።

«ገዳይ ናት! ብረቱን ሰጥታ ትታው ሄደች! ጋሼን ገደለችብኝ!»

የሚጮኸው ነርሷ ላይ ነው። ነርሷ ኮሪደሩ ውስጥ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ቤት ጡት የሚጠባ ልጅ ትታ የመጣች እናት ናት፤ የምታጠባበት ሰዓት አልፎ ወተቱ የሥራ ልብሷን ከፊት አርሶታል። ፖሊሶቹ ወደ ጣቢያ ሊወስዷት የመርማሪዋን ቃል ብቻ ይጠብቃሉ። ዛሬ ከወሰዷት መቼ እንደምትመለስ የሚያውቅ የለም፤ ሙያዋም እዚያው ያበቃል።

መርማሪዋን የሥራ ባልደረቦቿ ከጀርባዋ «እሜቴ ለምን» ይሏታል። የምትጠይቀው ከሌሎች ይልቅ ስለሚበዛ ነው። እሷም ስሙን ታውቀዋለች፤ ለምን እንዳወጡላት ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ትቆይ» አለች ነርሷን እያየች፤ ወደ ክፍሉ ገብታም በሩን ዘጋች።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል ሲገባ መጀመሪያ የሟቹን ፊት ያያል። እሷ ከከረጢቱ ጀመረች። በጣቷ ሳትነካ ቱቦውን በዓይኗ ተከትላ ወረደች። ጥቁሩ ፈሳሽ ከከረጢቱ ወርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ያበቃል። ከዚያ በታች፣ እስከ መርፌው ድረስ፣ ቱቦው ውስጥ ያለው እንደ ውሃ የጠራ ነው። መርማሪዋ እዚያ ላይ ብዙ ቆየች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የአንሶላውን እጥፋት ገለጠች፤ የምስር ፍሬ የምታክል ነጭ የፕላስቲክ ክዳን አገኘች።

«ቱቦውን ሁለት ቦታ አስራችሁ እንዳለ ወደ ላቦራቶሪ» አለች ረዳቷን። «አሁኑኑ። የጠራውን ክፍል ለብቻው ይዩልኝ።»

ነርሷን ማነጋገሪያ ክፍል አስገባቻት።

«ይቺን ብረት እንዴት እንደምትሰጪ ንገሪኝ። ምንም ነገር እንደማላውቅ አድርገሽ።»

ነርሷ አፍንጫዋን ጠረገች። «መጀመሪያ ቱቦውን በጨው ውሃ እሞላለሁ። መርፌው ደም ሥሩ ውስጥ በደንብ መግባቱን የማየው በሱ ነው። ብረት ከደም ሥር ውጭ ከፈሰሰ ቆዳው ጠቁሮ ይቀራል፣ ታጥቦ አይለቅም። ሁሉም ሰው እንዲህ አይሠራም፤ እኔ ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምሠራው። ከዚያ የብረቱን ከረጢት እሰቅልና በጣም አዝግሜ እለቀዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አጠገቡ ቆሜ እጠብቃለሁ። ሰውነቱ የማይቀበለው ከሆነ ገና ሲጀምር ነው የሚታወቀው። ዛሬ ግን ማዶ ያለው ክፍል አንዲት እናት ወድቀው ተጠራሁ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ሮጥኩ። ስመለስ ወንድሙ ብረቱ ገደለው እያለ ይጮሃል። ቱቦውን ዘጋሁት። እኔም... እኔም ገደልኩት ብዬ አመንኩ።» ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«ክንዱ አጠገብ በመርፌ መድኃኒት የሚጨመርባት ቀዳዳ አለች አይደል? ክዳኗን ከፍተሽው ነበር?»

«ኧረ በፍጹም! ምን ልጨምር?»

ቀጥሎ የሟቹ ሐኪም ሲገባ የነጭ ጋውኑ እጅጌ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ነበረበት። በር ላይ የቆመው ፖሊስ መርማሪዋን ጠቀሳት፤ አገኘን ማለቱ ነው።

«እጅጌዎ ምን ሆነ?»

«ብረት ነው። የመጀመሪያ ቀኑ ስለሆነ መድኃኒቱን ራሴ አዘጋጀሁት፤ ጠርሙሱን ስከፍት ፈሰሰብኝ።»

«ለምን ብረት? ደም አይሰጡትም ነበር?»

«ኩላሊቱ ደክሟል፣ ደሙም ወርዷል። ኪኒኑ አልረዳውም። ንቅለ ተከላ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ደም መስጠት ካልቸገረን አንመርጥም፤ ሰውነቱ በኋላ የሌላ ሰው ኩላሊት አልቀበልም ሊል ይችላል።»

«ኩላሊት ሰጪው ማን ነው?»

ሐኪሙ ትንሽ አመነታ። «ታናሽ ወንድሙ ሊሰጥ ታስቦ ነበር።»

«ብረቱ አደጋ እንዳለው ቤተሰቡ ያውቃል?»

«ከስንት ሰው በአንዱ የሚከሰት ነገር ነው። ግን ትናንት ሚስቱንም ወንድሙንም አስቀምጬ ነግሬያቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት ባልና ሚስቱ ኮሪደሩ ላይ ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ፤ ምክንያቱን ከኔ አይጠብቁ፣ የታካሚዬ ምስጢር ነው።»

ሚስትየዋ ዓይኗ ደርቋል። ያለቀሰች አትመስልም፤ ማልቀስ የጠፋባት ትመስላለች።

«ጠዋት ለምን ተጣላችሁ?»

«የባልና የሚስት ነገር ነው።»

«ባልሽ ሞቷል፣ እመቤቴ።»

«አስምሎኛል። ሞተ ብዬ መሐላዬን ላፍርስ?»

«ሲሞት የት ነበርሽ?»

«በረደኝ አለ። ብርድ ልብስ ላመጣ መኪናው ጋ ወረድኩ። ስመለስ ሁሉም አልቋል።»

«ቱቦውን አይተሽው ነበር?»

«እኔ ፊቱን ነው ያየሁት። ቱቦ ምን ያደርግልኛል?»

መጨረሻ የገባው ወንድምየው ነው። ጩኸቱ አልቆ ድምፁ ሻክሯል። እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ደብቋል።

«ጋሼ ነው ያሳደገኝ» አለ ሳይጠየቅ። «እናትና አባታችን ሲሞቱ ትምህርቱን ትቶ እኔን አስተማረ። ሠላሳ ዓመት አልፎኝም ማሙሽ ነው የሚለኝ።»

«ምን ተማርክ?»

«የእንስሳት ሐኪም ነኝ።»

«ታድለሃል፤ በሽተኞችህ አይዋሹህም። በል፣ ያየኸውን ንገረኝ።»

«እትዬ ብርድ ልብስ ልታመጣ ስትወጣ ገባሁ። ያ ጥቁር ነገር ክንዱ ውስጥ ሲገባ አየሁት። ወዲያው ትንፋሽ አጠረው፣ ፊቱ ተለወጠ...»

«ሲገባ አየህ?»

«በእነዚህ ዓይኖቼ!»

እሜቴ ለምን ለመጀመሪያ ጊዜ ለምን ብላ አልጠየቀችም። አመስግና አሰናበተችው።

አመሻሽ ላይ ሁሉንም ነርሶቹ ምሳ የሚበሉባት ጠባብ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበር ስላልበቃ ሐኪሙ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ነርሷ ጥግ ይዛ ሚስትየዋን ላለማየት መሬት መሬት ታያለች። ከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

«ሁላችሁም ብረቱ ገደለው ብላችኋል» ስትል መርማሪዋ ጀመረች። «ነርሷ ሳትቀር። እኔም በሩ ላይ አምኜ ነበር፤ ዓይኔ ነው ያልተስማማው። ብረቱ እንደምታዩት ጥቁር ነው፣ የሄደበትን መንገድ አይደብቅም። ከከረጢቱ ወርዶ አልጋው ጠርዝ ላይ ቆሟል። ከዚያ ወዲያ ያለው ይቺ ልጅ አስቀድማ የሞላችው የጨው ውሃ ነው። ቱቦውን ስትዘጋው ብረቱ እዚያው መንገድ ላይ ቀረ። ከዚህ ከረጢት አንዲት ጠብታ እንኳ ሰውየው ደም ውስጥ አልገባችም።»

ነርሷ ቀና አለች።

«ያልደረሰ ነገር አይገድልም። ታዲያ ምን ገደለው? ክንዱ አጠገብ ያለችው ቀዳዳ ክዳኗ ተነቅሎ አንሶላው ውስጥ ነበር። አንድ ሰው በዚያ በኩል ሌላ ነገር ወግቶበታል። በሩ ላይ ያለው ልጃችን የሐኪሙን እጅጌ አይቶ ደስ ብሎት ነበር። ግን የተወጋበት ቦታ ላይ ቱቦው የጠራ ነው፤ እዚያ የሠራ ሰው በብረት ሊቆሽሽ አይችልም። የቆሸሸው ሐኪም ሥራውን የሠራ ሐኪም ነው።»

ፖሊሱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ይህን ያደረገው ሰው ብረቱ አልፎ አልፎ ሰው እንደሚጎዳ ያውቃል፤ በሱ ሊያሳብብ አስቧል። ጥቁሩ ከረጢት መሰቀሉን ሲያይ ብረቱ እየገባ መሰለው። ይቺ ልጅ አስቀድማ ውሃ እንደምትሞላ ማን ይንገረው? እኔ ሁላችሁንም ጠየቅኩ። ሚስትየዋ ፊቱን እንጂ ቱቦውን አላየሁም አለች፤ እውነቷን ነው። ነርሷ መሰለኝ አለች። ብረቱ ክንዱ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁ ያለኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ወንድምየው ዞረች። «ያልሆነውን ነገር እንዴት አየኸው?»

«ደንግጬ... ተሳስቼ ይሆናል።»

«ይሆናል። ላቦራቶሪው ግን ደውሎልኛል። በቱቦው የጠራ ክፍል ውስጥ የተገኘው መድኃኒት በዚህ ሆስፒታል የለም። የማይድኑ ከብቶችና ውሾች እንዳይሰቃዩ የሚሰጥ ነው።»

ወንድምየው እጆቹን ከጉልበቶቹ መሃል አወጣ፤ ይንቀጠቀጣሉ።

«ፈራሁ» አለ። «ቢላው ሥር መተኛትን እንደ ሞት ፈራሁት። እምቢ ማለት ደግሞ አልቻልኩም። ያሳደገኝን ሰው እንዴት ነው ኩላሊቴን አልሰጥህም የምለው? ሁሉም አመሰገነኝ፣ ሁሉም አቀፈኝ። ብረቱ ገብቶ ደሙ ከፍ ሲል የቀዶ ጥገናው ቀን ይቆረጣል፣ ማምለጫ የለኝም አልኩ። መርፌውን ከኪሴ ሳወጣ አይቶኛል። "ምንድን ነው ማሙሽ?" አለኝ። ነርሷ መድኃኒት ጨምርለት ብላኝ ነው አልኩት። እሺ ብሎ ክንዱን አመቻቸልኝ።»

ሚስትየዋ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ልትመታው ይሆናል ብሎ ፖሊሱ ተጠጋ። እሷ ግን ፊት ለፊቱ ቆመች እንጂ እጇን አላነሳችም።

«ጠዋት የተጣላነው በአንተ ነው» አለችው። «ኩላሊቱን አልቀበልም አለኝ። "እጁ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ፣ ልጁ ፈርቷል፤ እምቢ ማለት ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ አያውቅበትም" አለኝ። እኔ ሰደብኩት። ለኔና ለልጆችህ አታስብም አልኩት። ለሐኪሙ ነግሮት ነበር፤ "የወንድምህ ኩላሊት አልተስማማህም በሉኝ፣ እሱ እንዳያፍር" ብሎ። ለማንም እንዳልናገር ያስማለኝ ለዚህ ነው። ዛሬ ቤት ስንገባ ሊነግርህ ነበር።»

ወንድምየው ሐኪሙን ቀና ብሎ አየው፤ ውሸት ነው እንዲለው የሚለምን ይመስል ነበር። ሐኪሙ ራሱን ነቀነቀ። «እውነት ነው።»

«ታዲያ ብረቱ?» አለ ወንድምየው። «ኩላሊቴን ካልፈለገ ብረቱን ለምን ወሰደ?»

«ደረጃ ለመውጣት» አለ ሐኪሙ። «ላይኛው ፎቅ ላይ ነው አይደል የምትኖሩት? "በየመታጠፊያው ቁጭ ስል ልጆቼ እያዩኝ ነው፤ አንዴ እንኳ ሳላርፍ ቤቴ ልግባ" አለኝ። ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም።»

ፖሊሶቹ ወንድምየውን አስነስተው አወጡት። ሚስትየዋ ያመጣችውን ብርድ ልብስ አቅፋ ቆማ ቀረች፤ ለቅሶው የመጣው ያኔ ነው። ነርሷ ሄዳ አቀፈቻት። መርማሪዋ ትንሽ ጠብቃ ነርሷን ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ሂጂ ልጄ፣ ልጅሽን አጥቢ።»

እሜቴ ለምን በዚያ ምሽት ከዚህ በኋላ ማንንም ምንም አልጠየቀችም።