ሳትታመም የዳነችው ልጅ

ኛሙዎች የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። የምትኖረው ጋምቤላ ከተማ ውስጥ፣ ከባሮ ድልድይ ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ ከእናቷ ከኛኩዋኒና ከታናሽ ወንድሟ ከቱት ጋር ነው። ጤነኛ ልጅ ናት። ስትሮጥ አቧራዋ እንጂ እሷ አትታይም። ድምጿም ያማረ ስለሆነ በገና ዕለት ከሕፃናት መዘምራን ፊት ቆማ ብቻዋን እንድትዘምር ተመርጣ ነበር።

በዓሉ ሲቃረብ ቱትን ወባ ያዘው። የእውነት ወባ ነው፣ ልጆች። ጤና ጣቢያ ሄዶ፣ ደሙ ተመርምሮ፣ መድኃኒት ታዞለታል። ባለሱቁ ጋሽ ኻሊድ መታመሙን ሲሰማ ቀዝቃዛ ለስላሳና ብስኩት ላከለት። እናቱም ከአጠገቡ አልጠፋችም። ኛሙዎች ግን ውኃ ትቀዳለች፣ ግቢ ትጠርጋለች፣ ለበዓሉ ከማታር ከተማ ለሚመጡት እንግዶች ምንጣፍ ታራግፋለች።

ቱት ለስላሳውን መጨረስ አቃተው። ኛሙዎች እጇን ስትዘረጋ እናቷ የበሽተኛ ነው ብላ ከለከለቻት።

«እኔስ?» አለች ኛሙዎች።

«አንቺማ ደህና ነሽ፣ ተመስገን» አለች እናቷ፣ ጀሪካኑን እያቀበለቻት።

ኛሙዎች አኮረፈች። የጤና ትርፉ ጀሪካን መሸከም ብቻ መስሎ ታያት። ቱት ተሽሎት ሲነሳ፣ አሁንስ ተራው የኔ ነው ብላ ወሰነች።

በገና ዋዜማ ከጓሮ ሄደችና ግንባሯን ፀሐይ ባጋለው የቆርቆሮ አጥር ላይ አስደገፈች። የጋምቤላን ፀሐይ ታውቋታላችሁ። ይህን እናንተ እንዳትሞክሩት፣ ቆዳ ይልጣል። ከዚያ ጥርሷን እያንገጫገጨች ገብታ አልጋ ላይ ወደቀች።

እናቷ ግንባሯን ነክታ ደነገጠች። ብርድ ብርድ ይልሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት። ኛሙዎች በጣም አለች። እናቷም በቤቱ ያለውን ብርድ ልብስ ሁሉ ደረበችባት። በዚያ ሰዓት ውሾች እንኳ ከጥላ አልወጡም ነበር። ኛሙዎች ከውስጥ እንደ ድንች ተቀቀለች።

ጥቂት ቆይታ፣ ቱትን ያዳነው ለስላሳው ሳይሆን አይቀርም ስትል ነገሩን አነሳች። እናቷ ግን ያመጣችላት ጨው የሌለው አጥሚት ነበር። ከውጭ ደግሞ አክስቷ ከማታር ያመጣችው ዓሣ እየተጠበሰ ነው። ቱት አንድ ቁራጭ ይዞ፣ እያላመጠ፣ አልጋው ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ለበሽተኛ አይሆንም ተብሏል» አላት አዝኖ። «ከፈለግሽ ግን አሽቺው።»

እነ ኛሙዎች በሚሄዱባት ቤተ ክርስቲያን አንድ ልማድ አለ። ሰው ከታመመ እናቶች ከበሮ ይዘው እቤቱ ድረስ ሄደው ይጸልዩለታል። መሪያቸው ማማ ኛጉዋ ናቸው። እሳቸው ባሮ ማዶ ሆነው ቢጸልዩ እዚህ ማዶ አሜን ይባላል። እናቶቹ የበዓል ሥራቸውን ትተው መጡ፤ አልጋውን ከበቡ፤ እጃቸውንም በብርድ ልብሱ ላይ ጫኑ። ሙቀቱ ባሰ።

ጸሎቱ ወደ ማብቂያው ሲደርስ እናቷ ኛኩዋኒ ለኛሙዎች አክስት፣ ልጅቷን ለደም ምርመራ ልወስዳት ነው ስትል ተሰማ። ቱት ወደ እህቱ ጆሮ ጠጋ አለ።

«መርፌው ጣት ላይ ብቻ ነው» አላት። «ግን ሩቅ ይገባል።»

አሜን ከመባሉ ኛሙዎች ብርድ ልብሱን ሁሉ ገፍፋ ብድግ አለች። ዳንኩ አለች። ከበሮው ተመታ፤ እልልታው ጎረቤት ጠራ። እናቷ ግንባሯን ደጋግማ ነካች፤ በላብ ርሶ ቀዝቅዟል። ማማ ኛጉዋ ግን አቅፈዋት አለቀሱ። የእውነት እንባ ነበር። ኛሙዎች ቀና ብላ ልታያቸው አፈረች።

በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞላ። በገና ዕለት ከበሽታ የዳኑ ሰዎች ወደ ፊት ወጥተው ይመሰክራሉ። ማማ ኛጉዋ ደግሞ ነገሩን አስቀድመው ለቄስ ሩዋይ ነግረዋል።

መጀመሪያ የወጡት አባባ ዲዩ ናቸው። ክረምቱን በሙሉ አልጋ ላይ የዋሉ ጎረቤት ናቸው። በምርኩዝ ቆሙ።

«ከቤቴ እዚህ ድረስ በእግሬ መጣሁ» አሉ። «ሌላ የምለው የለኝም። ተመስገን።»

ኛሙዎች ያንን መንገድ በየቀኑ ትሮጥበታለች፤ ያውም እያጉረመረመች። ስለ እግሯ አስባ አታውቅም።

ቀጥሎ የእሷ ስም ተጠራ። ማይክሮፎኑን ያዘች። እውነቱን ብትናገር መዝሙሩን ትነጠቃለች፣ እናቷም በሰው ፊት ታፍራለች። ብትዋሽ ደግሞ የምትዋሸው በእግዚአብሔር ቤት፣ ያውም ከአባባ ዲዩ ቀጥላ ነው። እናቷ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ማማ ኛጉዋ አፋቸውን ለእልልታ አዘጋጅተዋል።

«አልዳንኩም» አለች ኛሙዎች።

ሕዝቡ ደነገጠ። ማማ ኛጉዋ እንደገና ሊጸልዩላት እጃቸውን ዘርግተው ተነሡ።

«አይ፣ ማማ፣ ይቀመጡ። መጀመሪያም አልታመምኩም። ያጋለኝ ቆርቆሮ ነው።»

ከዚያ አባባ ዲዩ ሳቁ፤ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ቤተ ክርስቲያኑ በሙሉ ተከተላቸው። ቄስ ሩዋይ እንኳ ፊታቸውን በመሐረብ ሸፈኑ። ያልሳቀችው ኛኩዋኒ ብቻ ናት።

ሳቁ ሲበርድ ቄሱ፣ ታዲያ ለምንድን ነው የምታመሰግኚው ብለው ጠየቋት።

ኛሙዎች አሰበች። «ደህና ስለነበርኩ» አለች። «እግሬ ይሮጣል። ጉሮሮዬ ይዘምራል። አንድ ቀንም አመስግኜ አላውቅም። ማማ ኛጉዋ፣ ለውሸቴ ይቅር ይበሉኝ።»

ማማ ኛጉዋ ቆጥበው ያቆዩትን እልልታ አሁን ለቀቁት። ያን ሁሉ ጸሎቴንም ቀጥሎ ለሚታመም ሰው እግዚአብሔር ያቆይልኛል አሉ።

መዝሙሩ ግን ለጓደኛዋ ለኛታንግ ተሰጠ። ኛሙዎች ከኋላ ሆና ዘመረች። እናቷም እቤት ስትደርስ ተቆጣቻት፤ ተቆጥታ ስትጨርስ ሳመቻት።

ከዚያ በኋላ በበዓሉ ሰሞን ኛሙዎችን ደህና ነሽ ብሎ የጠየቀ ሰው ቶሎ አይለቀቅም ነበር። «ደህና ነኝ» ትላለች። «ራሴን አያመኝም፣ ሆዴን አያመኝም፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ ጥርሴም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጋሽ ኻሊድ ሱቅ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ እንኳ ጉልበቷንና ክርኗን ሳትጠራ አላቆመችም።

እናንተም ልጆች፣ ስትታመሙ ሳትደብቁ ለእናታችሁ ንገሩ፤ ጤነኛ ሆናችሁ ለምትውሉበት ቀን ደግሞ፣ በበዓልም ይሁን በሌላው ቀን፣ ሳትታመሙ በፊት እግዚአብሔርን አመስግኑ።