ልጅቷን ሜዳው ላይ እጥላታለሁ

እናቴ ስትሸኘኝ የመከረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ከሹፌር ጋር ሳቅ አታብዢ።» እኔ ደግሞ ጨርሶ አልጀመርኩትም።

ምክንያት ነበረኝ። ከጭነት መኪናው ኋላ በሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ተጠፍሮ የተጫነው ቶርኖ የእኔ ነው። ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ነው። ቶርኖ ቤት የገባሁት በጠራጊነት ነበር፤ የብረት ፍቅፋቂ እየጠረግሁ ሙያውን በዓይኔ ሰረቅኩት። ያስተማረኝ የለም፤ «ማሽኑ ጸጉርሽን ይበላዋል» እያሉ የከለከሉኝ ግን ሞልተዋል። ባለቤቱ ሲያረጅ ማሽኑን ለእኔ ተወው። ከተራሮቹ ማዶ ባለችው ከተማ ደግሞ አክስቴ ባዶ ክፍል ሰጠችኝ። ቶርኖው በደህና ከደረሰ የራሴ ወርክሾፕ ይኖረኛል። ካልደረሰ ወደ መጥረጊያዬ ነው።

ሹፌሩን ያገኘው አጎቴ ነው። ገና ወጣት ነው፤ ጋቢናው የሚጠበው ረጅም ሰው።

«ጓደኞቼ ፍሬን ይሉኛል» አለኝ ገና ስገባ።

ለምን እንደሚሉት ጠይቂኝ የሚል ፊት ነበረው። ለዚያ ነው ያልጠየቅኩት።

«አንቺንስ ማን ልበልሽ፣ እህቴ?»

«እርስዎ ወደፊት ይመልከቱ።»

«እርስዎ?» ፊቱን በመስታወቱ አየ። «ጠዋት ከቤት ስወጣ እኮ ልጅ ነበርኩ።»

አልሳቅኩም። ወደ መስኮቱ ዞሬ ከንፈሬን ነከስኩ።

ከተማው አልቆ ሜዳው ሲጀምር ጥርጣሬዬም አብሮ ተዘረጋ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፤ ቢጫ ሣርና ሰማይ ብቻ። እንደዚያ ባለ ቦታ ጤነኛ ሰው ለምን ይቆማል? እሱ ይቆማል። ምንም ሳይናገር ጀሪካኑን ያነሳል፣ ይወርዳል፣ ወደ ኋላ ዞሮ ይቆያል። ሲመለስ እጁን በሱሪው እየጠረገ ነው።

«ምን ሆነ?»

«ምንም።»

«ምንም ሰውን ከመኪና ያስወርዳል?»

«እግሬ ደንዝዞ ነው።»

እግሩ የደነዘዘበት ሰው ጀሪካን ይዞ አይወርድም። ገመዴን እየፈታው ይሆን? ቀጥሎ ሲቆም ተከትዬው ወረድኩ። ጎማው አጠገብ ተንበርክኮ አገኘሁት፤ ሲያየኝ ደንግጦ ተነሳ። ገመዱን አንድ በአንድ ጎተትኩ። እኔ ካሰርኩት ይልቅ ጠብቋል። እሱም አጠራጠረኝ። የሰውን ዕቃ እንዲህ አጥብቆ የሚያስር ሰው ምን አስቦ ነው?

ሲመሽ እኔ ጋቢናውን ቆልፌ፣ ትልቁን መፍቻ ታቅፌ ተኛሁ። እሱ ከላይ፣ ከቶርኖው አጠገብ። ጠዋት ከሸራው ሥር ሲወጣ ጸጉሩ በጤዛ ርሶ ነበር።

«እንዴት አደሩ፣ እመቤት?» አለኝ። «መፍቻውስ ደህና አደረ?»

ቀኑን ሙሉ ዓይኑ መንገዱን እየተወ ወደ እኔ ይመጣል፤ ሳየው ይሸሻል። የሌባ ዓይን ነው ብዬ ደመደምኩ። ሌላ ምን ዓይነት ዓይን እንዲህ እንደሚሸሽ ያኔ አላሰብኩበትም።

ሜዳው ሊያልቅ ተቃርቦ ተራራው ፊታችን ሲገተር ስልኩ ጠራ። ይዞት ወርዶ ወደ ኋላ ሄደ። መስኮቴን ቀስ ብዬ አወረድኩ።

«ልጅቷን አላመንኳትም» ይላል። «ሜዳ ሜዳውን ምንም አትል፤ ተራራው ላይ ግን ጉድ ትሠራኛለች… ከጠዋት ጀምሮ ስታጉረመርም ነው የዋለችው… አዎ፣ አርጅታለች፤ ከላይ ስታያት ግን አታስታውቅም… በቃ፣ አንተ ከመጣህልኝ ልጅቷን እዚሁ ሜዳው ላይ እጥላታለሁ። ዕቃውን አንተ ላይ እንጭናለን።»

ደሜ ፈላ። መጣሉ አንድ ነገር ነው፤ አርጅታለች ግን! መፍቻዬን ይዤ ዘለልኩ።

«አንተ ሌባ! ማንን ነው የምትጥለው?»

ስልኩን ከጆሮው አወረደ። መፍቻውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ፊቱ ቀስ ብሎ በራ።

«አንተ አልሽኝ።»

«ሌባም ብዬሃለሁ!»

«እሱን አልሰማሁትም።»

«ማናት ያረጀችው? ማናት ስታጉረመርም የዋለችው?»

ወደ መኪናው ዞረ። ከዚያ መዳፉን የመኪናው ጎን ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ናታ! ልጅቷ! መኪናዬን እኮ ነው!»

ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ስልኩ ውስጥም ጓደኛው ሲንፈቀፈቅ ይሰማኛል። እኔ መፍቻውን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

«ፍሬኗ ነው» አለ ሳቁ ሲበርድለት። «ይግላል። እየወረድኩ ውሃ የማፈስበት ለዚያ ነው። ጓደኛዬ መጥቶ ቶርኖሽን ቢወስድልኝ ብዬ ነበር፤ እሱም አይችልም፣ መኪናው ጭነት ላይ ናት።»

«እና ለምን አልነገርከኝም? ብረት ሠርታ ከምትበላ ሴት የብረት ሕመም ይደበቃል?»

«ብነግርሽ ሌላ መኪና ትፈልጊያለሽ።»

«በትክክል!»

«አዎ» አለ፣ ወደ ሣሩ እያየ። «በትክክል።»

ነፋሱ የሸራውን ጫፍ ያርገበግበዋል። የምመልሰውን ስድብ ትቼ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። እኔ ስድብ ትቼ አላውቅም።

እዚያው ጎማውን አስፈታሁት። ፍሬኑን አብረን ጠረግን፣ አብረን አጠበቅን። መፍቻ ሲያቀብለኝ ጣቶቻችን ተነካኩ፤ ሁለታችንም ለቀቅነውና እግሬ ላይ ወደቀ።

«አመመሽ?»

«እግሬ ደንዝዞ ነው» አልኩት።

በማግስቱ ተራራውን እያቃሰትን ወጣን። እሱ ሲቆም እኔ ወርጄ ድንጋይ ጎማው ሥር አስገባለሁ። ጥርጣሬዬ ግን በአንድ ቀን የሚለቅ አይደለም። ሌባ ባይሆን እንኳ፣ ስለ እግሩ ዓይኔን እያየ የዋሸኝ ሰው ነው። ጫፍ ላይ ወደ ሌላ ከተማ የሚወስድ መገንጠያ እንዳለ የሚናገር ታፔላ አየሁ፤ ልብ አልኩት። ከታፔላው ትንሽ አለፍ ብሎ ሞተሩን አጠፋ።

«ውረጂ» አለኝ።

«ምን?»

«ቁልቁለቱን ብቻዬን ነው የምወርደው። አንቺ በእግር መንገዱ ቁረጪ፤ ታች አስፋልቱን ስታገኚ ጠብቂኝ።»

ሌባ የሚናገራት አንዲት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ይህቺው ናት።

«ፍሬኑን ሠራነው እኮ!»

«ሠራነው። አንቺን አሳፍሬ ግን አልሞክረውም።»

«ቶርኖዬንስ?»

«ቶርኖ እናት የለውም።»

አየሁት። ያን ቀን ዓይኑ አልሸሸም። ወረድኩ። እኔ፣ ሕይወቴን ሁሉ በእጄ ይዤ የምዞር ሴት፣ ሕይወቴን መኪና ላይ ትቼ ወረድኩ።

የእግር መንገዱ ድንጋዩ ይንሸራተታል። ከታች መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ሰማያዊው ሸራ በአንዱ ኩርባ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል። በወጣ ቁጥር እተነፍሳለሁ። ከዚያ በአንዱ ኩርባ ገባና ሳይወጣ ቀረ። ጠበቅሁ። አልወጣም።

«ይኸው!» ብዬ ብቻዬን ጮኽኩ። «ዞሮ በመገንጠያው ሄደ! ሌባ ነው አላልኩም?»

ለትንሽ ጊዜ ደስ ሊለኝ ሁሉ ነበር። ልክ መሆን ይጣፍጣል። ከዚያ ሌላው ሐሳብ መጣ። ሌባ ካልሆነስ? ሌባ ካልሆነ የሚቀረው ገደሉ ነው።

«አምላኬ» አልኩ፣ «ሌባ አድርግልኝ። ሸጦ ይብላው። ብቻ ዞሮ ሄዶ ይሁን፤ በሕይወት ይኑር።» ቶርኖዬን ሸጦ፣ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከሌላ ሴት ጋር ሲስቅ ሁሉ በዓይነ ኅሊናዬ አየሁት፤ ይሁን አልኩ። ሌላዋ ሴት ላይ ብቻ ትንሽ ቅር አለኝ።

አስፋልቱ ላይ እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ዳገቱን መልሼ ሮጥኩ።

መኪናው በተራራው በኩል ካለው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቆሟል። አንድ ጎኑ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ተልጧል። እሱ ከመኪናው ጀርባ፣ ከላይ በኩል መንገዱ ዳር ተቀምጦ፣ የሚደማ ክንዱን ይዟል።

«ፍሬኑ…» ማለት ጀመረ።

በሁለት እጄ ደረቱን መታሁት።

«ለምን ሌባ አልሆንክም?»

«ምን?»

«ሌባ ብትሆን ምን ነበረበት? መገንጠያው እዚያው ነበር! ዞረህ አትሄድም? ወይ አትዘልም?»

«ብዘል ቶርኖሽ ገደል ይገባ ነበር» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ። «ከግድግዳው ጋር እያፋተግሁ አቆምኳት።»

«ለብረት ብለህ?»

«ለአንቺ ብረት።»

የአንገት ልብሴን አውልቄ ክንዱን ማሰር ጀመርኩ። ብረት ስትቀርጽ የጸጉር ስንጣቂ የማትስተው እጄ አንድ ቋጠሮ አቃታት። እሱ እጄን እንጂ ቁስሉን አያይም።

«ሂጂ፣ ቶርኖሽን እዪው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ገመዱ አልተበጠሰም፤ ዘመም ያለ ግን ይመስለኛል።»

«አየዋለሁ።»

«አጠገቡ ነበርሽ እኮ። ስትሮጪ።»

ዞሬ አየሁ። እውነቱን ነው። ሸራው ተቀዷል፤ የቶርኖው ራስ በቀዳዳው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ያብረቀርቃል። እጄን ብዘረጋ በምነካው ርቀት አልፌው ሮጫለሁ፤ አላየሁትም።

«እሱ የትም አይሄድም» አልኩ።

«እኔስ?»

ቋጠሮውን ጎትቼ አጠበቅሁት፤ ፊቱን አጨማደደ።

«አንተን ገና አላመንኩህም» አልኩት። «ስለዚህ ከዓይኔ እንዳትርቅ።»