ከማዶ የተመለሰው መዶሻ

ይህን የምጽፈው ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። እኔው ራሴ እጄን ያስገባሁበት።

ማመን የማይፈልግ አይመን። ለማንም አልምልም፤ መማል ሰልችቶኛል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ጨለማ የለም፣ መብራት አልጠፋም፣ ብቻዬንም አልነበርኩም። በጠራራ ፀሐይ ነው የሆነው... ገደሉ ውስጥ ካለው ጉም በቀር።

ከተማችንን ሊጎበኝ የመጣ ሰው ዙሩ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ፏፏቴው። ከዚያ ጦጣዎቹ ያሉበት ጫካ። ከዚያ ፎቶ የሚነሱበት አፋፍ። መጨረሻ ላይ ሽቦው።

ሽቦው እኛ ነን።

ከአፋፉ እስከ ገደሉ ማዶ የተወጠረ ወፍራም የብረት ገመድ ነው፤ አራት መቶ ሜትር ይሆናል። ጎብኚው ወገቡንና ሁለት ጭኖቹን በቀበቶ ይታሰራል። ቀበቶው ሽቦው ላይ ከምትሽከረከር የብረት ጎማ ጋር ይያያዛል። እገፋዋለሁ... እየጮኸ ማዶ ይደርሳል። ባዶውን ቀበቶ የታሰረበትን ቀጭን ገመድ በእጅ በሚዞር መጠቅለያ ጎትቼ እመልሳለሁ። «ጤነኛ ሰው ራሱን ገደል ይወረውራል?» እያልኩ ስስቅባቸው ነበር የምውለው።

እኔ ላኪ ነኝ። ማዶ ሆና የምትቀበለው ታናሽ እህቴ ናት።

ሚጣ እላታለሁ። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቷ ነበር። ፀጉሯን ጎንጉኜ ትምህርት ቤት የሸኘኋት እኔ፣ ሲያተኩሳት ሲያድር የተቀመጥኩት እኔ። በዚህ ዓለም ላይ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። እዚህ ሥራ ያስገባኋትም እኔው ነኝ።

ጉም ሲኖር ማዶ አይታይም። ድሮ በሬዲዮ ነበር የምንነጋገረው። ሬዲዮው ከተበላሸ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ሥራ አስኪያጃችንን «ቶሎ ቶሎ» እያልን ነው የምናማው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣማ። ሬዲዮው ይሠራልን ስንለው፣

«መዶሻ አለ አይደል?» አለን።

በመዶሻ ሆነ። ሚጣ ማዶ ሆና ሽቦውን ትመታለች፣ እኔ መዳፌን ሽቦው ላይ አሳርፌ አዳምጣለሁ። ሦስት ምት «ደርሷል፣ ቀጣዩን ላክ» ማለት ነው። አንድ ምት «ቁም! እንዳትልክ» ማለት ነው።

ከእጅ አይሻል ዶማ።

የዚያን ቀን ሚጣ በሦስት ሰዓት ተሻገረች። «ጋሽዬ፣ ምሳዬን እንዳትበላብኝ!» ብላ እየሳቀች ጉም ውስጥ ገባች።

የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች ሦስት ነበሩ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ እና ከተጋቡ ሳምንት ያልሞላቸው ሙሽሮች።

አስተማሪው ቀደሙ።

«ልጄ፣ ይሄ ነገር ይችለኛል?»

«ጋሼ፣ ዝሆን ይችላል።»

«ምን ዝሆን አለ እዚህ፣ አጥንት ብቻ ነኝ እኮ» አሉና ሳቅን። ገፋኋቸው። ጉሙ ዋጣቸው።

መዳፌን ሽቦው ላይ አሳረፍኩ።

ኳ።

...

ጠበቅኩ።

...

ኳ። ኳ።

አንድና ሁለት ሦስት ነው። ሽማግሌውን ደግፋ ስታወርድ እጇ ተይዞባት ይሆናል አልኩ። ሰው መስማት የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

መጠቅለያውን አዞርኩ። ቀበቶው ከጉሙ ወጣ።

ሦስቱም መቆለፊያዎች እንደተቆለፉ ናቸው።

ልብ በሉልኝ። ሰው ከዚያ ቀበቶ የሚወጣው ተፈትቶ ነው። ሳይፈታ የሚወጣበት መንገድ የለም። የወገቡም የጭኖቹም... ልክ እኔ እንዳጠበቅኳቸው።

ውስጡ እርጥብ ነበር።

«የፏፏቴው ውሃ ነው» አለ ሙሽራው።

እርጥበቱ ሞቅ ይላል። የፏፏቴ ውሃ ይሞቃል እንዴ? ልቤ ነገረኝ። ግን ሚጣ ቀልደኛ ናት፤ እኔን ለማብሸቅ መልሳ ቆልፋው ይሆናል ብዬ ለራሴ ዋሸሁት።

«አንተ ቅደም፣ እኔ እፈራለሁ» አለችው ሙሽራዋ።

ግንባሯን ስሞ ሄደ። እየሳቀ ነበር። ድምፅ ሲርቅ እየቀጠነ ነው የሚጠፋው።

የእሱ ተቆረጠ።

ሽቦው ወደ ግራ ወደ ቀኝ ተወዛወዘ። ከዚያ...

ኳኳኳ።

ፈጣን ነው። ሚጣ እንዲህ አትመታም። ምቱ ከመዳፌ አልፎ ትከሻዬ ድረስ ተሰማኝ።

መጠቅለያውን አዞርኩ። ቀበቶው መጣ... ተቆልፎ። ከጫፉ ደም እየተንጠባጠበ ሣሩ ላይ መስመር ሠራ።

የወገቡ ማሰሪያ ላይ አንድ ነገር ተሸጉጧል።

መዶሻው።

የሚጣ መዶሻ። እጀታው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር የጠቀለለችበት ራሷ ናት፣ «እጄን ይልጠኛል» ብላ። ብረቱ ላይ ደምና ጠጉር ተጣብቆበታል። የማን ጠጉር እንደሆነ ለማየት አልደፈርኩም።

«ወንድሜ... ደረሰ?» አለች ሙሽራዋ ከኋላዬ።

መዶሻውን መዝዤ ወደ ደረቴ አስጠጋሁት።

ያኔ ነው ሽቦው እንደገና የተመታው።

ኳኳኳ።

መዶሻው እጄ ላይ ነው! ማዶ ሌላ መዶሻ የለም። ታዲያ ማን ነው የሚመታው? በምን?

ሙሽራዋ ደሙን አየች። አልጮኸችም። ቁጭ አለች፤ እንደ ሕፃን እግሯን ዘርግታ ቁጭ አለች።

ስልክ እዚያ አይሠራም። በእግር ማዶ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ያለው መንገድ አንድ ነው። ቀበቶውን አነሳሁና አንድ እግሬን አስገባሁ። ደሙ ሱሪዬን አልፎ ነካኝ።

ከጉሙ ውስጥ ድምፅ መጣ።

«ጋሽዬ...»

ሚጣ ናት። በሕይወት አለች!

«ጋሽዬ... ኧረ ድረስ...»

ከዚያ እሪታ። እንዲህ ያለ እሪታ ከሰው ጉሮሮ ይወጣል ብዬ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛው እግሬ አልነሳ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ውሃ ሆንኩ። ያሳደግኳት ልጅ እየጠራችኝ አንድ እግሬን ቀበቶ ውስጥ አድርጌ ቆሜ ቀረሁ።

በዚህ መሀል ሥራ አስኪያጁ፣ «ቶሎ ቶሎ»፣ እያለከለከ ደረሰ።

«ምን ትገተራለህ? በር ላይ አርባ ሰው ተሰልፏል! ቶሎ ቶሎ በል እንጂ!»

መዶሻውን አሳየሁት። «ይዩት... ደም ነው። ማዶ የሆነ ነገር አለ። የላክኋቸው ሰዎች አልደረሱም።»

«ጦጣ ነው።»

«ጦጣ መዶሻ ቀበቶ ላይ ይሸጉጣል?»

«ዝም በል! ጎብኚ እንዳይሰማህ!» አለ በሹክሹክታ። ቀበቶውን ከእግሬ መንጭቆ ሙሽራዋን በክንዷ አነሳት። «ነይ እህቴ፣ ባልሽ ማዶ እየጠበቀሽ ነው። ምንም የለም።»

«አልሄድም... አልሄድም...»

ኳኳኳ።

«ይኸው!» አለኝ። «እህትህ ላክ እያለችህ ነው!»

ደሜ ፈላ።

በመዶሻው ጉልበቱን መታሁት። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ወደቀ። ሊይዘኝ ሲዘረጋ እጁን መታሁት። ደገምኩት። ደረቱ ላይ ተቀምጬ ቀበቶውን አስገባሁለት። ወገቡን፣ አንድ ጭን፣ ሌላውን ጭን። አሥር ዓመት ሙሉ ሰው አስሬአለሁ፤ እጄ አልተሳሳተም።

«ልጆች አሉኝ...» አለኝ። «በፈጠረህ...»

«እኔም እህት አለችኝ። ሂድና አምጣልኝ!»

ገፋሁት።

«እህቴን እንዲያድናት ነው የላክሁት» ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ውሸት ነው። መሄድ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ፈራሁና ሌላ ሰው ላክሁ። ይኸው ነው።

ጩኸቱ ራቀ። ከዚያ ሽቦው ዘለለ... ወርዶ ተወጠረ... እንደገና ዘለለ። የሆነ ነገር ከሆነ ነገር ጋር ይታገላል። አንድ ጊዜ የእሱ ድምፅ ተሰማኝ፤ ቃሉን አልለየሁትም።

ጸጥ አለ።

ቀጭኑ ገመድ ሁለት ጊዜ ተጎተተ።

መጠቅለያው ላይ ተጣበቅኩ። ከበደኝ። ብቻዬን አልችለውም። ሙሽራዋ ተነስታ መጣች፤ እጀታውን ከእጄ አጠገብ ያዘች። ሁለታችን አዞርነው። እንባዋ እጄ ላይ ይወርዳል።

ከጉሙ ሰው ወጣ።

ሚጣ!

ፊቷ በደም ተለውሷል፣ ግን ዓይኖቿ ክፍት ናቸው። ትተነፍሳለች። እቅፍ አድርጌ አወረድኳት። ወገቧ ላይ የሆነ ነገር ሲይዘኝ ዝቅ ብዬ አየሁ።

ክንድ ነው።

ከክርኑ በላይ የተቆረጠ የወንድ ክንድ ቀበቶዋን ጨብጧል። ሰዓቱ እንደታሰረ ነው። ጣቶቹ ያበጡት እኔ የመታኋቸው ናቸው።

«ጋሽዬ» አለችኝ ጆሮዬ ሥር። «ለምን ሰው ትልካለህ? እኔ እኮ አንድ ነው የመታሁት... አንድ ብቻ። ሁለቱን የጨመረው እሱ ነው።»

«ማን?»

«ከሽቦው ሥር ተንጠልጥሎ ነው የሚሄደው... አትጠይቀኝ።»

«ቀበቶውን ማን አሰረልሽ?»

«ሥራ አስኪያጁ። በክርኑ እየዳኸ መጣ። እግሩ ተሰብሯል። ራሱን ፈትቶ ለእኔ አሰረልኝ። 'ቶሎ ቶሎ' እያለ... ከኋላ ሲይዘው እንኳን አልለቀቀኝም።» አለቀሰች። «እግሩን ምን ነክቶት ነው፣ ጋሽዬ?»

ጣቶቹን ከቀበቶዋ ላይ አንድ በአንድ አላቀቅኩ።

ፖሊስ ሁለት ሬሳ ከገደሉ ሥር አወጣ። የአስተማሪውና የሙሽራው። በምን ሁኔታ እንደተገኙ አልጽፍም፤ ቤተሰብ አላቸው። የሥራ አስኪያጁ ሌላ አካሉ እስከ ዛሬ አልተገኘም። ማዶውን ሳምንት አሰሱ፤ የሰው ዱካም የአውሬ ዱካም የለም።

ሙሽራዋ ለፖሊስ «ሠራተኛዋን አድናለሁ ብሎ ራሱ ታጥቆ ሄደ» አለች። ይህን ስትል ዓይኔን አላየችም። ለምን እንደዋሸችልኝ አልጠየቅኳትም።

ከተማው ጀግና አለው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ «መጨረሻ ላይ ምን አለህ?» አለችኝ።

«'ልድረስላት' አለኝ» አልኳት።

እያለቀስኩ ነበር። እንባው እውነት ነው።

ቀብሩ እሑድ፣ በአደጋው ማግስት በስምንት ሰዓት ሆነ። ሣጥኑ ለወግ ያህል ሙሉ ሣጥን ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ያ ክንድ ብቻ ነው። ስድስት ወንዶች ልንሸከመው ቆምን። እኔ በግርጌ በኩል ነበርኩ።

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...»

አልተነሳም።

ተያየን። እንደገና ሞከርን። የአንገታችን ሥር ተገተረ። እንጨቱ ከመሬት አንድ ጣት እንኳን አልላቀቅ አለ።

«እኔ እኮ ነኝ የሠራሁት» አለ አናጢው በሹክሹክታ፣ «ልጅ ያነሳዋል...»

ሚጣ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሎ ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። የምታየው ሣጥኑን አይደለም። እኔን ነው።

ሚስቱ ሰው እየገፋች መጣች። አላለቀሰችም። ጫማዬን፣ እጄን፣ ፊቴን በተራ አየች።

«አንተ እስቲ ልቀቀው» አለችኝ።

ለቀቅኩ።

አምስቱ ሰዎች አነሱት። በአንድ ትንፋሽ ትከሻቸው ላይ ወጣ፤ ከመቅለሉ የተነሳ አንዱ ሊወድቅ ተንገዳገደ።

ሚስቱ ወደ ባዶው ቦታዬ ጠቆመች።

«አሁን ያዘው» አለችኝ።

«እ...»

«ያዘው እኮ ነው የምልህ።»

ሚጣን አየኋት። አንገቷን ደፋች።

መዳፌን ሣጥኑ ሥር አሳረፍኩ።

የአምስቱም ሰዎች ጉልበት አንድ ላይ መሬት መታ።